የሸራው ባቡር መንገደኞች

ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ እናቴ መቱ ገበያ ዳር ባቡር ተሳፍራ ፎቶግራፍ ተነሣች። መቱ ውስጥ ባቡር አልነበረም። ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ቀጥሎ ባለው መስኮት አንገቴን አውጥቼ ስለነበር የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያላየሁት ሲኖር ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ መቱ ስመለስ ዝናብ አባሮኝ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ተጠለልኩ። ባለቤቱ ከጓዳ የድሮ ዕቃ እያወጣ ይጥል ነበር። ከአንዱ ጣሳ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ወጣ፤ እንደ ኮመጠጠ ጠጅ አፍንጫ የሚነድፍ። ከውጭ ከረጠበ ሸራ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። እዚያው ቆሜ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ያን ዕለት ፎቶግራፍ ባነሡን በጋሼ ሱሩር ነበር።

አባቴ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ጎሬ ጸሐፊ ነበር። አገር ሲያዝ እኛን ይዞ መቱ፣ የእናቴ ዘመዶች አጠገብ ሰፈረ። በዓመቱ መጥተው ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ጅማ መታሰሩን ያወቅነው ከቡና ነጋዴዎች ነው። በዚያ ግንቦት አንድ ነጋዴ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። እስረኞቹ ክረምት ሳይገባ ወደ ሩቅ አገር ይጫናሉ አለ። ወዴት እንደሆነ አላወቀም። እኔ «ይጫናሉ» ሲል እንደ ቡናው በጆንያ መስሎኝ፣ አባቴ ረጅም ስለሆነ እግሩ የት እንደሚገባ ሳስብ አመሸሁ። እናቴ ግን ሳይጫን ላየው ይገባል ብላ ቆረጠች። ወደ ጅማ የሚሄደው የቡና ካሚዮን ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው አይጭንም። የይለፍ ወረቀት ያለ ፎቶግራፍ አይሰጥም። ፎቶግራፍ የሚያነሡት ደግሞ ጋሼ ሱሩር ብቻ ነበሩ።

ጋሼ ሱሩር ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እዚያ ሳሉ ሥራቸው ባቡር ማንሣት ነበር። ከጅቡቲ መንገደኛ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን ባቡር ቀድመው፣ ካሜራቸውን በበቅሎ ጭነው፣ ሐዲዱ ተራራውን ወደሚዞርበት ገደል ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ባቡሩ ዳገት ይዞት ዝግ ሲል፣ መንገደኛውም ንፋስ ፍለጋ ከየመስኮቱ አንገቱን ሲያወጣ፣ ያን ጊዜ ያነሡታል። መቱ ውስጥ ይህን ታሪክ ያልሰማ አልነበረም። ሁለተኛ ላለመስማት በታች በኩል ዞረው ገበያ የሚገቡ ሰዎችም ነበሩ።

ቡና አገር ከወረዱ በኋላ የሚያነሡት ባቡር ሲያጡ አሠሩት። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ለምነው በአሮጌ የካሚዮን ሸራ ላይ አሣሉ። ሠዓሊው ባቡር አይቶ አያውቅም፤ እሳቸው በቃል እየነገሩት ሣለው። ከፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ፣ ጠርዛቸው በጥቁር የተከበበ ዓይኖች አደረገለት፤ መላእክት እንዳላቸው ያሉ። ባቡሩ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር የአገራችንን የሶር ፏፏቴ አወረደ። በዚያ መስመር እንዲህ ያለ ውሃ የለም ብለው ጋሼ ሱሩር ቢከራከሩ፣ ውሃ ከሌለ ድልድዩ ለምን ተሠራ ብሎ እምቢ አላቸው። በጎኑ ላይ አራት መስኮቶች በቢላዋ ተቀደዱ። መንገደኛው ከኋላ ቆሞ አንገቱን ያወጣል። ሸራው እስከ መሬት ስለማይደርስ ከመንኮራኩሮቹ ሥር የሰው እግር ይታያል። እኔም ባቡር የሚባለው ነገር መንገደኞቹ በእግራቸው የሚገፉት ቤት መሆኑን ተረዳሁ፤ ለምን እንደሚወደድ ግን አልገባኝም።

«ፊቴን ብቻ ነው የፈለጉት» አለቻቸው እናቴ በዚያ ጠዋት። «ለይለፍ ወረቀት ነው።»

«ፊትዎን ነው የማነሣው፣ ወይዘሮ አስካለ። ባቡር ላይ ያለ ፊት።»

«እዚህ ግድግዳው ጋ ያንሡኝ።»

«ወረቀት የቀረኝ ለአንድ ፎቶ ብቻ ነው። ካሚዮን እስኪያመጣልኝ ሌላ የለም። የመጨረሻዋን ወረቀቴን በጭቃ ግድግዳ ላይ አላጠፋም።»

«የእኔ ጉዳይ ነው እኮ!»

«የእኔ ወረቀት ነው እኮ!»

እናቴ ወደ ሰማይ አየች። ደመናው ከጎሬ በኩል እየመጣ ነበር። መቱ ውስጥ ፀሐይ ሲገኝ ክርክር አይመረጥም። ከሸራው ኋላ ዞራ አንገቷን በመጀመሪያው መስኮት አወጣች። ጋሼ ሱሩር ጥቁሩን ጨርቅ ራሳቸው ላይ ጣሉ፤ ወዲያው መልሰው ገለጡት።

«ሦስቱ ባዶ ናቸው።»

«ይሁኑ!»

«ባዶ መስኮት አላነሣም። ድሬዳዋ አንድ ጊዜ አንሥቼ ለአንድ ፈረንጅ አሳየሁት። ምን አለኝ መሰለዎ? ‹ሰዎቹ ምን ሆኑ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባዶ መስኮት አንሥቼ አላውቅም።»

እኔን ብድግ አድርገው ሳጥን ላይ አቆሙኝ። ከመንገዱ ማዶ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡትን ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነባን ጠሯቸው፤ እጃቸው ላይ ጨው እንዳለ መጡ። አራተኛው መስኮት ቀረ። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የዳሪሙ ሰው ማር ተሸክመው ሲያልፉ ጋሼ ሱሩር ክንዳቸውን ያዙ።

«ገመዳ፣ ማሩን አስቀምጥና አንገትህን እዚህ አግባ።»

«ያማል?»

«አያምም።»

«ይቆያል?»

«ፀሐይ እስክትወጣ ነው።»

ፀሐይዋ ግን ደመና ውስጥ ገባች። አራታችንም አንገታችንን አውጥተን ቆየን። ይሄኔ ገበያተኛው ተሰበሰበ። አገራችን ሰው መንገድ ሲወጣ ዝም ብሎ አይሸኝም፤ እናቴ ባሏ ያለበትን አገር ለማየት እንደምትሄድ ደግሞ ሁሉም ሰምቷል። አንዲት ባልቴት ተጠግተው እናቴን በመስኮቱ ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት። በጨርቅ የተቋጠረ ንፍሮ አቀበሏት። «ነጋን ገላ፣ በሰላም ግቡ» አሉ ለሁላችንም።

«እማማ፣ እኔ ገና የትም አልሄድኩም» አለች እናቴ። «ፎቶግራፍ ነው።»

«እሱንስ አያለሁ ልጄ። ግን ባቡሩ ብዙ አይቆምም ይባላል፤ ንፍሮውን ቶሎ ያዥ።»

እትዬ ዘይነባ በሳቅ ፈነዱ። ደመናው የተከፈተውም ያን ጊዜ ነበር፤ ጋሼ ሱሩርም አነሡ። በፎቶግራፉ ላይ እትዬ ዘይነባ ብቻ ጥርሳቸው የሚታየው ለዚህ ነው።

ከዚያ ጋሼ ሱሩር ፎቶውን በሚያጥቡበት ጣሳ ውሃ ውስጥ እናቴ ስትወጣ አየሁ። ፊቷ ጥቁር ጭስ ሆኖ፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ዓይኗ ነጭ። አቃጠላት ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ሱሩር ይህ ግልባጩ ነው፣ ገና ግማሹ ነው፣ ቆይተሽ እይ አሉኝ። ቆይቼ አየሁ፤ ወጣት ሆና ተመለሰች። ከኋላዬ ግን እናቴ ራሷ «ባቡሩ ከእኔ ፊት ይበልጣል!» እያለች ትቆጣ ነበር። እውነቷን ነበር። ፊቷ የአተር ፍሬ ያህላል፤ የባቡሩ አንድ ዓይን የሷን ፊት ያህላል።

በማግስቱ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው የጣሊያን ካፒቴን ቢሮ በር ላይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አስተርጓሚው ፎቶውን በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ይህ ምንድነው?»

«ፎቶግራፌ ነው።»

«አራት ሰው ነው ያለው።»

«የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።»

«ባቡር ላይ ነሽ።»

«ሥዕል ነው፣ ጌታዬ። ሸራ ላይ የተሣለ ነው።»

«ያለ ፈቃድ በባቡር የምትሄጂ ከሆነ ለካሚዮን ፈቃድ የምትጠይቂው ለምንድነው?»

እናቴ በትዕግሥት አስረዳችው። መቀስ ከሰጣት የራሷን ፊት ቆርጣ እንደምትሰጠው ነገረችው። የተቆረጠ ፎቶ በመንግሥት ወረቀት ላይ አይለጠፍም አላት። ሌላ ላነሣ ብትለው፣ አምጪ አለ። የፎቶ ወረቀት የሚያመጣው ካሚዮን መቼ ይመጣል ብትለው፣ እኔ የካሚዮን ዘበኛ ነኝ ወይ አለ። እኔ እጇን ይዤ ነበር፤ ጣቶቿ የእኔን ጣቶች ሲጨምቁ አጥንቴ ተሰማኝ።

ድምፁን ሰምቶ ካፒቴኑ ከውስጥ ወጣ። ፎቶውን ተቀበለና ሳቀ። ሌላ መኮንን ጠርቶ አሳየው። ዓይኖቹን፣ ፏፏቴውን በጣቱ እየነካ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«አገሩ ተራራ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «እናቱን በእንዲህ ያለ ባቡር መስኮት ነው የተሰናበታት።»

ካፒቴኑ እዚያው ቆሞ ፈረመ። እናቴ እጅ ነሣች። አስተርጓሚው ማኅተሙን መታና አነበበላት። በፎቶው ላይ ያሉት አራቱ መንገደኞች ጅማ ደርሰው ይመለሱ ዘንድ ተፈቅዷል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። አንድ ፊት ከጎደለ ወረቀቱ አይሠራም።

«እኔ የጠየቅሁት ለራሴ ብቻ ነው!»

«ካፒቴኑ ቸርነት አደረገልሽ። ቸርነቱን ልትመልሺበት ነው?»

እናቴ ወረቀቱን ጨብጣ በቁጣ ወደ ቤት ተራመደች። ካሚዮኑ በሦስተኛው ቀን ይነሣል። እኔ ከሷ ጋር መሄዴን ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ግን ለመናገር ጊዜው አልነበረም።

እትዬ ዘይነባ ወሬውን ሲሰሙ ጨው የሚለኩበትን ጣሳ ጣሉት።

«አስካለ፣ እኔ መስኮት ሞላሁ እንጂ መንገደኛ አልሆንኩም! ሱቁን ለማን ልተው?»

«ለእህትሽ።»

«እህቴ ዱቤ ለጠየቀ ሁሉ ትሰጣለች። ስመለስ የማገኘው ባዶ መደርደሪያ ነው።»

«እኔስ ስዘገይ የማገኘው ምንድነው? ንገሪኝ!»

እትዬ ዘይነባ ጣሳውን አነሡ፤ የፈሰሰውን ጨው አፈሱ፤ የቆሸሸውን ለይተው ወደ ውጭ ጣሉ። ከዚያ እህታቸውን ጠርተው ለማን ዱቤ እንደማይሰጥ ሲነግሯት አመሹ። ከእናቴ ጋር ግን መነጋገር ተዉ።

ወደ ዳሪሙ እናቴ ብቻዋን በእግሯ ሄደች። ስለዚህ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ኦቦ ገመዳን ያገኘቻቸው ዛፍ ላይ ነው። ቀፎዎቻቸው ከላይ ተሰቅለዋል፣ ማሩ ደርሷል፣ ዝናቡ ሳይበረታ መቁረጥ አለባቸው። ከታች ሆና እየጮኸች፣ እሳቸው ከላይ ሆነው እየመለሱ ተነጋገሩ።

«አዴ አስካለ፣ ይህን ማር ካልቆረጥሁ ዓመቱን ምን እበላለሁ?»

«ወንድምዎ ይቁረጥልዎ።»

«ወንድሜ ከፍታ ይፈራል።»

እናቴ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ኦቦ ገመዳ ፊታቸው በእርግጥ ወረቀቱ ላይ መኖሩን ጠየቋት። አለ አለች። ማኅተም ተመቶበታል? ተመቶበታል። ወረዱ።

«ፊቴ ቀድሞኝ ከተነሣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሏት።

በመንገዱ ቀን ካሚዮኑ ላይ ስንወጣ ጋሼ ሱሩር እየሮጡ መጡ። ይቅርታ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። እኛ በቡናው ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ አራታችንም ከሳንቃው በላይ አንገታችንን አውጥተን ሲያዩ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አራቱም ሙሉ! አራቱም! ወረቀት የለኝም!» እያሉ ካሚዮኑ እስኪታጠፍ ድረስ ተከተሉን። እናቴ ፊቷን አዞረች።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ኦቦ ገመዳ ከመቱ ጀምሮ ዓይናቸውን አልገለጡም። ዛፍ ላይ የማይፈሩት ሰውዬ የሚንቀሳቀስ መሬት እንደሚፈሩ ነገሩን። እትዬ ዘይነባ ሲያስመልሳቸው ሰነበተ። ዳገት ላይ መንኮራኩሩ ሲሰምጥ ወርደን ገፋን። እኔም ከካሚዮኑ ኋላ እጄን አሳርፌ ስገፋ፣ ባቡርን በተመለከተ አስቀድሜ ያወቅሁት ትክክል መሆኑን አረጋገጥሁ።

ዴዴሳ ድልድይ ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አስቆመን። የይለፍ ወረቀታችንን ተቀብሎ በፎቶው ተራ እንድንሰለፍ አዘዘ። እናቴን አየ፤ አለፈ። እኔን አየ፤ ጉንጬን ቆነጠጠና አለፈ። እትዬ ዘይነባ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህች ትስቃለች» አለ ፎቶውን እያሳየ። «አንቺ አትስቂም።»

«ምን ያስቀኛል?»

«ፊትሽ አንድ አይደለም። ሳቂ።»

ሾፌሩ ዝናቡ እየመጣ ነው፣ እምቢ ካሉ ጥያችሁ እሄዳለሁ ብሎ ጮኸ። እናቴ የእትዬ ዘይነባን ክንድ ያዘች። ከሱቁ ጠብ ወዲህ የተናገረቻቸው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«ዘይነባ፣ እባክሽ።»

እትዬ ዘይነባ ከንፈራቸውን ገለጡ። ጥርሳቸው ታየ፤ ዓይናቸው ግን አስካሪውን ሊበላው ነበር።

«ይህ ሳቅ አይደለም» አለ አስካሪው። እውነቱን ነበር።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ኦቦ ገመዳ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ድልድዩን፣ ከሥሩ የሚወርደውን ውሃ፣ ወዲያና ወዲህ አዩ።

«አዴ አስካለ» አሉ በጭንቀት፤ «ድልድዩ ይሄው፣ ውሃውም ይሄው። ያ ዓይን ያለው ባቡር የታለ? ካሚዮኑ ጥሎን ከሄደ እሱ ይመጣልናል?»

እስከዚያ ድረስ ካሚዮኑ ወደ ባቡሩ የሚያደርሰን መስሏቸው ነበር። እትዬ ዘይነባ በመጀመሪያ ትን አላቸው። ከዚያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ጭቃው ላይ ቁጢጥ እስኪሉ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አስካሪው ጎንበስ ብሎ ፎቶውን ከፊታቸው አጠገብ ያዘ።

«እሷ ናት» አለና ወረቀቱን መለሰ።

ጅማ የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ ነው። ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት ሸራ የለበሱ ሁለት ካሚዮኖች ቆመው ነበር። እናቴ ስታያቸው መሮጥ ጀመረች። በረኛው ነገ ማለዳ ነው የሚሄዱት፣ ዛሬ መግባት ይቻላል አለ። ነገር ግን ለአንድ እስረኛ አንድ ጠያቂ ብቻ።

«አንድ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አንድ ሰው ሊገባ ነው አራት ሆነን ይህን ጭቃ የበላነው?»

በረኛው ስለ ጭቃው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እናቴ ገባች። እኛ ሦስታችን ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠግተን ቆምን። ኦቦ ገመዳ ያን የባልቴቷን ንፍሮ አውጥተው አከፋፈሉን፤ ሻግቶ ነበር፤ በላነው።

እናቴ ስትወጣ ጋቢዋ ከላይዋ አልነበረም። ዝናቡ ቀሚሷን ትከሻዋ ላይ አጣብቆታል።

«አየሽው?» አሏት እትዬ ዘይነባ።

«አየሁት።»

እትዬ ዘይነባ የራሳቸውን ሻሽ አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉ። ሌላ አልጠየቋትም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሁለቱ ካሚዮኖች በአዲስ አበባ መንገድ ወጡ። ከኋለኛው ላይ አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ነበር። ጠርዙ ጭቃ የነካው የእናቴን ጋቢ ለብሷል። ፊቱን አላየሁም።